ዘረመሉ ከልደት ጀምሮ ያው ነው፤ ታዲያ ወተት አሁን ለምን አልስማማኝ አለ?

ወተት_ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። ስትከራከሩ ዝም ብዬ ከሚያነቡት ነበርኩ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

ዕድሜዬ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ድረስ ወተት እንደፈለግሁ ስጠጣ ኖሬ ምንም አልሆንኩም። አሁን አንድ ብርጭቆ ከጠጣሁ ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ቁርጠት ይከተላል፤ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። በምራቅ የሚሠራ የዘረመል ምርመራ አሠራሁ። ውጤቱ «ቦታ 13910፦ ሲሲ፤ ላክቶስ የማይስማማው» ይላል።

ያልገባኝ ይህ ነው። ዲኤንኤዬ ስወለድ ይዤው የመጣሁት ነው። ታዲያ ይህ «ሲሲ» እስካሁን የት ተኝቶ ነበር? አንድ ገጽ ላይ ነገሩ ኤፒጄኔቲክ ነው የሚል አነበብኩ። እዚያው ገጽ ግርጌ «ዘረመልን መልሶ የሚያነቃ» እንክብል ይሸጣል። እውነት የተዘጋውን መልሶ መክፈት ይቻላል?

ጥቁር_ሰሌዳ

እህቴ፣ «ሲሲ» የሚለውን ብዙ ሰው እንደ በሽታ ስም ያነበዋል፤ ከዚያ ልጀምር።

ላክቶስ የወተት ስኳር ነው፤ ግሉኮስና ጋላክቶስ ተጣምረው የሠሩት። ትንሹ አንጀት ጥንዱን እንዳለ ማሳለፍ አይችልም። የሚከፍለው ላክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ እሱም ትንሹን አንጀት በሚሸፍኑት ሴሎች ጫፍ ላይ ተተክሎ ይሠራል። ኢንዛይሙ ካነሰ ላክቶሱ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ሃይድሮጅንና ሌሎች ጋዞች ይፈጠራሉ። የሆድሽ ጩኸት ይኸው ነው።

የላክቴዝ ዘረመል ኤልሲቲ ይባላል፤ የሚገኘው ክሮሞዞም 2 ላይ ነው። ውጤትሽ በኤልሲቲ ላይ ስህተት አለ አላለም። ዲኤንኤ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ በሚባሉ አራት የኬሚካል ፊደሎች የተጻፈ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ከኤልሲቲ መነሻ 13,910 ፊደል ቀደም ብሎ፣ ኤምሲኤም6 በሚባል ሌላ ዘረመል ውስጥ ነው። ኤምሲኤም6 ራሱ ከወተት ጋር ጉዳይ የለውም፤ ሥራው ሴል ሊከፈል ሲል ዲኤንኤ በማባዛት መርዳት ነው። ነገር ግን የቤትሽ መብራት ማብሪያ ጎረቤት ግቢ ውስጥ እንደተተከለ ቁጠሪው፤ ኤልሲቲን የሚያበረታው ቁራጭ የተቀመጠው ኤምሲኤም6 ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ሁለቱም ቅጂው ሲ የሆነ ሰው ጡት ከጣለ በኋላ ላክቴዙ እየቀነሰ ይሄዳል። ቲ ካለው ግን ኦክት1 የተባለ ፕሮቲን ቦታውን ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ኤልሲቲም በአዋቂነት መሥራቱን ይቀጥላል።

ነባሩ ሲ ነው። አይጥም ጥንቸልም ጡት ከጣሉ በኋላ ላክቴዛቸው ይቀንሳል። ከዓለም አዋቂዎችም ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት እንዲሁ ናቸው። ለየት ያሉት ላክቴዝ የዘለቀላቸው ሰዎች ናቸው።

ጠርጣራው

ይሄ ሁሉ ፊደል ምን ይሠራል? ወተት ተወት አድርጋ ይሆናል፣ ሰውነቷ ረሳው። ያልሠራንበት ነገር ይጠፋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትጠጣ፣ ላክቴዙ ይመለሳል። የተመለሰለት ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥቁር_ሰሌዳ

@ጠርጣራው ያየኸው ሰው ተሽሎት ይሆናል፤ ላክቴዙ ግን አልተመለሰም። ይህ ሐሳብ ድሮ ተፈትኗል። በ1970ዎቹ ላክቴዝ የጎደላቸው አዋቂዎች ለወራት ያለማቋረጥ ወተት እንዲጠጡ ተደርጎ ከአንጀታቸው ናሙና ሲወሰድ፣ የኢንዛይሙ መጠን ንቅንቅ አላለም። የሰው ላክቴዝ ወተት ስለመጣ አይጨምርም፣ ስለቀረም አይጠፋም። ቲ ያለው ሰው ዓመታት ወተት ሳይቀምስ ቢቆይ ላክቴዙ ይጠብቀዋል።

ለምን ተሻለው የሚለው ሌላ ታሪክ ነው፤ ባክቴሪያ ውስጥ ያስገባናል።

ፒፔት

የኤፒጄኔቲክሱን ክፍል ለእኔ ተዉልኝ፤ የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት በሜቲሌሽን ላይ ስለሆነ ስሙ በተነሳ ቁጥር ዝም ማለት አልችልም።

የዲኤንኤ ፊደል ሳይቀየር ላዩ ላይ ምልክት ሊደረግበት ይችላል፤ ኤፒጄኔቲክስ የሚባለው ይኸው ነው። ከምልክቶቹ በደንብ የተጠናው ሜቲሌሽን ነው፦ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለው ትንሽ ኬሚካል ሲ ፊደል ላይ ይለጠፋል፤ በአብዛኛው ከሲው ቀጥሎ ጂ በሚመጣበት ቦታ። አንድን ዘረመል የሚቆጣጠሩ ቁራጮች ላይ ይህ ምልክት ሲበዛ ዘረመሉ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል። እንዲነበብ የሚያደርጉት ፕሮቲኖች መያዣ ያጣሉ፣ ዲኤንኤውም እየታሸገ ይሄዳል።

ቪቪያን ላብሪና አርቱራስ ፔትሮኒስ የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የኤልሲቲንና የኤምሲኤም6ን አካባቢ በሰውና በአይጥ አንጀት ሴሎች ላይ ፈተሸ። ያገኙት ለጥያቄሽ ቀጥተኛ መልስ ይመስለኛል። ሲ ያለው የዲኤንኤ ቅጂ ከዕድሜ ጋር በመቆጣጠሪያ ቁራጮቹ ላይ ምልክት እያጠራቀመ ይዘጋል። ቲ ያለው ግን ይህን መጠራቀም ይቋቋማል። ከዚያ ክሪስፐር በሚባለው የዲኤንኤ መቁረጫ ዘዴ ቁራጮቹን ከሴልና ከአይጥ ላይ እያነሱ ኤልሲቲን በእርግጥ የሚገዙት እነሱ መሆናቸውን አረጋገጡ።

ማለትም ፊደሉ ራሱ መዝጊያም መክፈቻም አይደለም። የሚወስነው ያ ቦታ ከዕድሜ ጋር ምልክት ማጠራቀም አለማጠራቀሙን ነው። ሕፃን እያለሽ ሲሲ ነበርሽ፣ ምልክቱ ግን ገና አልተጠራቀመም ነበር። ዘረመል ቀኑን አስቀድሞ ቆርጦ ሰጠ፣ ኤፒጄኔቲክሱ ቀስ ብሎ አስፈጸመው።

በግሌ የምወደው ነጥብ ይህ ነው። ላክቴዝ የሚሠሩት የአንጀት ሴሎች ዕድሜያቸው ጥቂት ቀን ነው፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ተራግፈው በአዲስ ይተካሉ። አዲሶቹ የሚወለዱት በአንጀቱ ግድግዳ እጥፋት ሥር ካሉ ግንደ ሴሎች ነው። አንድ ሴል ሳምንት ሳይሞላው የሚያልፍ ከሆነ የሠላሳ ዓመት ዕድሜን ማን ይቆጥራል? ቆጠራው ከራሳቸው ከግንደ ሴሎቹ ጋር የሚያያዝ መሆን አለበት፤ ሟቾቹ ሴሎች ያንን ይወርሳሉ።

ሌላም አለ። የአንድ ሰው አንጀት ሲታይ አጠገብ ለአጠገብ ካሉ ሴሎች አንዱ ላክቴዝ ሲሠራ ጎረቤቱ ላይሠራ ይችላል፤ ሲታይ ዝንጉርጉር ነው። ሁሉም በአንድ ቀን አይዘጉም። ስለዚህ «ላክቴዝ አለኝ ወይስ የለኝም» ከማለት «ምን ያህል ሴሎቼ ገና ይሠራሉ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ወተት_ወዳድ

ፒፔት፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ያነበብኩት የለም። ታዲያ ምልክቱ ከተለጠፈ ልጥፉን ማንሳት አይቻልም? እንክብሉ እውነት ሊሆን አይችልም?

ፒፔት

አይሆንም። የዲኤንኤን ሜቲሌሽን የሚቀንሱ እውነተኛ መድኃኒቶች አሉ፤ አዛሲቲዲንና ዴሲታቢን ይባላሉ። የሚሰጡት ለደምና ለመቅኒ ካንሰር ሕመምተኞች ነው። ምልክቱን የሚያራግፉት ከአንድ ዘረመል ላይ መርጠው አይደለም፤ ከመላው ዲኤንኤ ላይ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳታቸውም ከባድ ነው። ለወተት ብሎ ይህን የሚሰጥ ሐኪም የለም። «ዘረመል አንቂ» ተብሎ የሚሸጠው እንክብል ኤልሲቲን ለይቶ ሊከፍት የሚችልበት መንገድ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኸው ገበያ «የኤፒጄኔቲክ ምርመራ በምራቅ» ማለት ጀምሯል። ፊደሉን ለማንበብ ምራቅ ይበቃል፤ ፊደል በሁሉም ሴል ውስጥ አንድ ነው። ሜቲሌሽን ግን እንደ አካሉ ክፍል ይለያያል። የምራቅሽ ሴል ስለ አንጀትሽ ሴል አይመሰክርም። የላክቴዝን ምልክት ለማየት ከአንጀት ናሙና መወሰድ አለበት፤ ይህም የሚደረገው ለምርምር ነው።

አንብቤ_የማልፍ

ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ክፍል ውስጥ ከእንክብል ሻጭ ጋር ሳንጣላ አሥር መልስ ልንደርስ ነው።

ነጭ_ጋዋን

ፒፔት ያለችው የሴሉን ታሪክ በትክክል ይናገራል። እኔ ግን ከሕመምተኛ ወንበር አንጻር አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ አለዚያ ወተት_ወዳድ የተሳሳተ መደምደሚያ ይዛ ትሄዳለች ብዬ እሰጋለሁ።

የላክቴዝ መቀነስ የሚጀምረው በልጅነት ነው። እንደ ሕዝቡ ይለያያል፤ በአንዳንዱ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ፣ በፊንላንዳውያን ደግሞ እስከ ሃያ ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ሲሲ የሆነ ሰው ሃያዎቹን ሲያጋምስ አብዛኛው ቅነሳ አልቋል። የሚተርፈው ከሕፃንነቱ አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ በሃያ ስምንት ዓመትሽ አካባቢ የተለወጠው ሜቲሌሽኑ ነው ብሎ መናገር አያስደፍርም። ላክቴዝሽ ከዚያ በፊት ሳይቀንስ አልቀረም፤ አንቺ ግን አልተሰማሽም።

ያለ ላክቴዝ ወተት መጠጣትና መታመም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ላክቶስ ሳይፈጭ መቅረቱ በምርመራ የሚለካ ነገር ነው፤ ሕመሙ ግን ከዚያ በላይ ብዙ ይጠይቃል፦ ምን ያህል ጠጣሽ፣ ከምግብ ጋር ነው ወይስ በባዶ ሆድ፣ ጨጓራሽ በምን ፍጥነት ያሳልፋል፣ የትልቁ አንጀትሽ ባክቴሪያዎች እነማን ናቸው፣ አንጀትሽ ለጋዝ ምን ያህል ስሜታዊ ነው። ላክቶስ የማይፈጭላቸው አብዛኞቹ ሰዎች በአንድ ጊዜ 12 ግራም ላክቶስ ወስደው ምንም ወይም ጥቂት ብቻ ይሰማቸዋል፤ ይህ በአንድ ኩባያ ወተት ውስጥ ያለው መጠን ነው።

ታዲያ አንቺ ላይ በዚያ ዕድሜ ምን ተለወጠ? ሐኪም የሚጠይቀው ይህንን ነው። ከባድ ተቅማጥ ነበረሽ? ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ይዞሽ ነበር? ለረጅም ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስደሽ ነበር? በስንዴ ግሉተን ምክንያት የሚመጣው ሴሊያክ በሽታ የአንጀቱን ግድግዳ ሲያራቁተው ላክቴዝም አብሮ ይሄዳል፤ ክሮን የሚባለው የአንጀት ቁስለት በሽታም እንዲሁ። ይህ ሁለተኛ ደረጃ የላክቴዝ እጥረት ይባላል፤ መንስኤው ሲታከም ከሳምንታት እስከ ወራት ባለው ጊዜ ሊመለስ የሚችለውም እሱ ነው፤ ቲ ባለው ሰው ላይም ይከሰታል። ሲሲ የሚል ወረቀት በእጅ መያዝ ሌላውን ሁሉ ከመመርመር ያዘናጋል። ክብደት ከቀነስሽ፣ ደም ካየሽ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ተቅማጥ ካለ ወይም ደም ማነስ ከተገኘብሽ ጥፋቱን ወተት ላይ ጥለሽ አትቀመጪ።

ፒፔት

ዶክተር፣ በዚህ እስማማለሁ። የእኔ መልስ ዘረመሉ ለምን ዘግይቶ ይዘጋል ለሚለው ነው፤ ሆዷ ለምን አሁን ታመመ ለሚለው የእርስዎ ይሻላል።

ድሮና_ዘንድሮ

እስካሁን ስለ 13910 ብቻ ነው የተወራው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2002 ናቢል ኤናታህ፣ ሊና ፔልቶነን፣ ኢርማ ያርቬላና ባልደረቦቻቸው የፊንላንድ ቤተሰቦችን መርምረው ነው ያገኙት። ከዚያ በፊት በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ፊንላንድ ውስጥ ቲሞ ሳሂ የላክቶስ አለመፈጨት በቤተሰብ ውስጥ በሪሴሲቭ መንገድ (ከእናትም ከአባትም ሲወርሱት ብቻ በሚገለጥ) እንደሚወረስ አሳይቶ ነበር። ፊደሉ የተገኘው ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ነው።

ሰሜን አውሮፓ ላይ ቲው ነገሩን በደንብ ያብራራል። ወደ አፍሪካና ወደ አረብ ምድር ሲመጣ ግን ወተት በደንብ የሚፈጩ ብዙ ሰዎች 13910 ላይ ሲሲ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳራ ቲሽኮፍ የመራችው ጥናት በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን አርብቶ አደሮች መካከል ሌሎች ሦስት ለውጦችን አወጣ፦ 14010፣ 13915 እና 13907። ሁሉም እዚያችው የኤምሲኤም6 ቁራጭ ውስጥ፣ ቢበዛ መቶ ገደማ ፊደል ተራርቀው። 13915 በአረቢያ በጣም የተለመደ ነው፤ ከግመል ወተት ጋር ያያይዙታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራ ጥናት ብዙዎቹ ለውጦች በአንድ አገር ውስጥ ጎን ለጎን እንዳሉ አሳየ፤ 14009 የሚባለውም ከእነሱ ጋር ነው። በአውሮፓ አንድ ለውጥ ሁሉንም ጠርጎ ሲያሸንፍ፣ እዚህ ብዙ ለውጦች በየራሳቸው እኩል እየጨመሩ መጡ። የተለያዩ ሕዝቦች ለአንድ ችግር እዚያው ቁራጭ ላይ የየራሳቸውን መልስ ማግኘታቸው በጣም ይገርመኛል።

ታዲያ ወተት_ወዳድ፣ ውጤትሽን እንደገና አንብቢው። የሚናገረው ስለ 13910 ብቻ ከሆነ፣ ያለው አንድ ነገር ነው፦ የአውሮፓው ለውጥ የለሽም። ሌሎቹ አሉሽ ወይስ የሉሽም አላለም። ዘራቸው ከምሥራቅ አፍሪካ ወይም ከአረቢያ ለሆነ ሰዎች እንዲህ ያለ ምርመራ «አይስማማህም» ብሎ ሲፈርድ ላክቴዙ ሙሉ የሆነ ሰው ላይ ሊፈርድ ይችላል።

ወተት_ወዳድ

አሁን አየሁት። ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው ቦታ 13910 ብቻ ነው። ከሥሩ «ላክቶስ የማይስማማው» የሚለው በትልቁ ተጽፏል፤ አንድ ቦታ ብቻ እንደታየ የሚገልጽ ነገር የለም። ይህን ማንም አልነገረኝም። ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈልኩት?

ጥቁር_ሰሌዳ

ድሮና_ዘንድሮ ያነሳው ነጥብ የዚህ ክር ዋናው ነገር ነው። አንዲት ፊደል አንብቦ ስለ መላው ሰው መፍረድ የምርመራ ድርጅቶች ልማድ ሆኗል። ስንት ሰው በዚህ ወረቀት ምክንያት ወተት ትቶ ካልሲየም አጥቶ ይኖር ይሆን?

ጠርጣራው

እሺ፣ አንድ ጥያቄ። ላክቴዝ ከሌለህ ወተት አይሆንህም ብላችኋል። ሞንጎሊያውያን ላክቴዝ የዘለቀላቸው በጣም ጥቂት ናቸው ይባላል፤ ኑሯቸው ግን በወተት ነው። ይህንን በፊደል አስረዱኝ።

ድሮና_ዘንድሮ

ማንም «አይሆንህም» አላለም፤ ዶክተሩም ያሉት ተቃራኒውን ነው። ግን ጥያቄህ ጥሩ ነው።

አንደኛ፣ አብዛኛውን የሚወስዱት አብላልተው ነው። ባክቴሪያ ላክቶሱን አስቀድሞ ይበላላቸዋል። እርጎም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይሠራል፤ በእርጎ ውስጥ ያሉት ሕያው ባክቴሪያዎች የራሳቸውን ላክቶስ ከፋይ ኢንዛይም ይዘው ትንሹ አንጀት ድረስ ይዘልቃሉ። ረጅም ጊዜ የቆየ ጠንካራ አይብ ውስጥ ደግሞ ላክቶስ የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ታሪኩ ራሱ ከአንተ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሪቻርድ ኤቨርሼድ፣ ማርክ ቶማስና ሌሎችም ያወጡት ጥናት ከአውሮፓ ጥንታዊ ሸክላዎች ላይ የወተት ስብ ቅሪት ፈልጎ ከጥንታዊ ሰዎች ዲኤንኤ ጋር አመሳከረ። ሰዎች ቲው ከመስፋፋቱ ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ በብዛት ወተት ይጠቀሙ ነበር። በዛሬዎቹ ብሪታንያውያን ላይ ሲያዩም ላክቴዝ የሌላቸውም ያላቸውም የሚጠጡት ወተት ብዙም አይለያይም። ታዲያ ቲው በምን ኃይል ተስፋፋ? ግምታቸው ረሃብና ወረርሽኝ ነው። ለጠገበ ሰው ላክቶስ ያመጣበት ተቅማጥ ኀፍረት ነው፤ ለተራበና ለታመመ ሰው ግን ሊገድል ይችላል።

ይህን ግምት ሁሉም አይቀበለውም። እኔ ከ«ወተት ብዙ ስለጠጡ ተመረጡ» ከሚለው አሮጌ ታሪክ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፒፔት

@ጠርጣራው ያየኸው «የተመለሰለት» ሰው ላይ ደግሞ የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ትንሽ ትንሽ ላክቶስ በየቀኑ ሲገባ ትልቁ አንጀት ውስጥ ላክቶስን በደንብ የሚበሉ፣ ጋዝ ግን ብዙ የማያወጡ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፤ በተለይ ቢፊዶባክቴሪያ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ላክቶስ በየቀኑ የወሰዱ፣ ላክቴዝ የጎደላቸው ሰዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚያወጡት ሃይድሮጅን እንደቀነሰ አሳይቷል። የሰዎችን ዘረመልና የአንጀት ባክቴሪያ ያገናኙ ሰፋፊ ጥናቶችም ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ፦ ከኤልሲቲ ቦታ ጋር በጥብቅ የሚያያዘው ባክቴሪያ ቢፊዶ ነው። ላክቴዝ የሌለው ሰው ወተት ሲጠጣ ትርፉ ለእነሱ ስለሚደርሳቸው ይበዛሉ።

ስለዚህ ምክርህ ይሠራል፤ ምክንያቱ ግን ላክቴዝ አይደለም። የተለማመደው የአንተ ሴል ሳይሆን ተከራዮችህ ናቸው። አንቲባዮቲክ ሲያጠፋቸው ልምምዱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ዶክተር ወተት_ወዳድን ስለ አንቲባዮቲክ የጠየቋት ይህንንም አስበው ይመስለኛል።

ጠርጣራው

እሺ፣ ይሁን። ተከራዮቹን ተቀብያለሁ።

የመንታ_እናት

ይቅርታ፣ ከመንገድ ላወጣችሁ ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም 13910 ላይ ሲቲ (አንድ ሲ፣ አንድ ቲ) ነን። ልጆቼ አራት ዓመታቸው ነው። አሁን ወተት ይወዳሉ፣ ምንም አይሆኑም። ላስመርምራቸው? ሲሲ ከሆኑ ከአሁኑ ልከልክላቸው?

ነጭ_ጋዋን

እህቴ፣ አያስመርምሯቸው፤ አይከልክሏቸውም። ሁለታችሁም ሲቲ ከሆናችሁ እያንዳንዱ ልጅ ሲሲ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ቢሆኑም እንኳ አሁን እየተስማማቸው ነው፤ ወረቀቱ ሆዳቸው የማያውቀውን አይነግርዎትም። ካልሲየምና ፕሮቲን በሚያስፈልጋቸው ዕድሜ ላይ በፊደል ምክንያት ወተት መከልከል ጉዳቱ ያመዝናል። ወደፊት ምልክት ካሳዩ ያኔ እንነጋገራለን።

ሲቲ ስለሆነ አዋቂ ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ነገር አለ። አንዲት ቲ ብቻ ላክቴዙን ለማስቀጠል ትበቃለች። ነገር ግን የኢንዛይሙ መጠን በቲቲና በሲሲ መካከል ነው። ስለዚህ አንጀቱ ሲታመም ወይም በአንድ ጊዜ ብዙ ሲወስድ ከቲቲው ቀድሞ ሊቸገር ይችላል።

አራስ ሕፃን ከመጀመሪያው ጡት ጀምሮ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ራሱ ኤልሲቲ ላይ ባለ ጉዳት የሚወለድ የላክቴዝ እጥረት አለ፤ በጣም ብርቅ ነው፤ ከሌላው ዓለም ይልቅ በፊንላንድ ይታያል። ያ አፋጣኝ ሕክምና ይፈልጋል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትም ላክቴዛቸው ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ላክቴዝ በብዛት የሚሠራው በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት ስለሆነ። እነሱ ላይ ግን ጊዜ ያስተካክለዋል።

አንብቤ_የማልፍ

የወንድሜ ልጅ ወተት ሲጠጣ ፊቱ ያብጣል፣ ሽፍታ ይወጣበታል። ላክቶስ የሌለው ወተት ገዝተው እየሰጡት ነው።

ነጭ_ጋዋን

አቁሙ፤ ዛሬውኑ። ያ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ይመስላል፤ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ጉዳይ ነው እንጂ የስኳር አይደለም። ላክቶስ የሌለው ወተት ፕሮቲኑ እንዳለ ነው፤ ላክቶሱ አስቀድሞ በኢንዛይም ስለተከፈለ ብቻ ነው ጣፈጥ የሚለው። ልጁ ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረው ድንገተኛ ክፍል።

አንብቤ_የማልፍ

ደውዬ ነገርኳቸው። አመሰግናለሁ ዶክተር።

ወተት_ወዳድ

ዶክተር፣ የመጨረሻ ጥያቄ። አንቲባዮቲክ ወስጄ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ይመስለኛል የጀመረኝ። ሴሊያክ ተመርምሬ የለም ተብያለሁ። ሐኪሜ የትንፋሽ ምርመራ አዞልኛል። ከዘረመሉ በኋላ ይህ ምን ይጨምርልኛል? ምን ልጠንቀቅ?

ነጭ_ጋዋን

የዘረመሉ ምርመራ ያነበበው አንድ ፊደል ነው። የትንፋሹ ምርመራ ግን ላክቶሱ ዛሬ አንጀትሽ ውስጥ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ፊደሉ ምንም ይሁን ምን።

ብዙ ጊዜ 25 ግራም ላክቶስ ተበጥብጦ ይሰጥሻል፤ ከዚያ ለሁለት ሦስት ሰዓት በየተወሰነ ጊዜ ትተነፍሻለሽ። ያልተፈጨው ላክቶስ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ሃይድሮጅን በደም አድርጎ በሳንባ ይወጣል። ሃይድሮጅኑ ከመነሻው ከሚሊዮን 20 ክፍል ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ላክቶሱ አልተፈጨም ማለት ነው።

ለዝግጅቱ፦ ሌሊቱን ሙሉ ጾመሽ ሂጂ፤ የዋዜማው እራትሽ ብዙ አሰር የሌለው ይሁን። በዕለቱ ሲጋራም ከባድ እንቅስቃሴም አይኑር። አንቲባዮቲክ ከወሰድሽ አራት ሳምንት ያህል ይለፍ፤ ባክቴሪያዎቹ ከሌሉ ጋዙ አይወጣምና ውጤቱ በሐሰት ንጹሕ ይመስላል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ሃይድሮጅን ሳይሆን ሜቴን ነው የሚያወጣው፤ መሣሪያው ሜቴን መለካቱን ጠይቂ። ምልክትሽንም በየሰዓቱ መዝግቢ፤ ጋዙ ከፍ ሲል ሆድሽ አብሮ ካልታመመ ጥፋተኛው ላክቶስ ላይሆን ይችላል።

ሃይድሮጅኑ ከፍ ካለና አብሮ ከታመምሽ፣ ከምግብ ጋር ግማሽ ኩባያ ወተት ሞክሪ፣ እርጎና የቆየ አይብ ሞክሪ፤ ከሚስማማሽ መጠን ተነሺ። ላክቴዝ የያዘ እንክብል ከወተቱ ጋር መውሰድም ይሠራል፤ እሱ ዘረመል አያነቃም፣ ላክቶስ ብቻ ይከፍላል። ሃይድሮጅኑም ሜቴኑም ካልጨመረ ደግሞ ላክቶሱ ተፈጭቷል ማለት ነው፤ ምናልባትም ድሮና_ዘንድሮ ከዘረዘራቸው ለውጦች አንዱ አለሽ። ያኔ ሐኪምሽ ፊቱን ወደ ቁጡ አንጀት (አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት ሥራ መዛባት) ወይም ወደ ሌላ ምክንያት ያዞራል።

ወተት_ወዳድ

አንቲባዮቲኩን ከተውኩ ሦስት ሳምንት ነው። ቀጠሮውን አዘገየዋለሁ። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።